የሕዋስን ተሞክሮ የቀመረው መሥሪያ ቤት

ጋዲሴ ትንፋሿን ይዛ አሥራ አንደኛዋን ክሪስታል ከጠብታዋ ውስጥ እያወጣች ነበር። የያዘችው የናይለን ቀለበት ከሽፋሽፍት አይወፍርም፤ ክሪስታሏም ከጨው ቅንጣት ታንሳለች። በማይክሮስኮፑ ስትታይ ግን ጠርዟ የተሳለ፣ ጎኗ የጠራ፣ በዚህ ዓለም አንዳች የሚጎድላት የማትመስል ነበረች። ጋዲሴ ቀለበቷን ቀስ አድርጋ አነሳቻት። ክሪስታሏ ተከትላ ወጣች። ወዲያው በሚጨሰው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነከረቻት። አንዲት ብቻ ቀረች።

ታላላቅ የለውጥ ዘመናት የሚጀምሩት እንዲህ ባለ ጸጥታ መካከል፣ በሩ ሳይንኳኳ ሲከፈት ነው።

«ዶክተር፣ ኦቦ ጫምሳ ይፈልጉሻል» አለ የማዕከሉ ሹፌር ሽኩር፣ ግማሽ አካሉን ብቻ አስገብቶ።

«አሁን?»

«አሁን ነው ያሉት። ደግሞ ፈገግ ብለዋል። እኔ ሲቆጡ አልፈራም፤ ፈገግ ሲሉ ነው የምሸሸው።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ናይትሮጅኑ መያዣ መለሰ። መያዣው ከከብት ማዳቀያ ጣቢያ በውሰት የመጣ ስለሆነ ጎኑ ላይ ወይፈን ተስሎበታል። «ይሄ ወይፈን እያደር ወፈረ ልበል?»

«ናይትሮጅኑ ተሞልቶ ነው።»

«እኔ ደግሞ ተመችቶት መስሎኝ» ብሎ ሄደ።

ማዕከሉ አዳማ ውስጥ ይገኛል። ስሙን መጥቀስ ሌሎችን መሥሪያ ቤቶች ማስቀናት ስለሚሆን አንጠቅሰውም። ራእዩ መግቢያው ላይ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፏል፤ ከራእዩ ሥር ተልእኮው፣ ከተልእኮው ሥር እሴቶቹ ተዘርዝረዋል፤ ከእሴቶቹ ሥር ጥበቃው ወንበሩን ዘርግቶ ይተኛል።

ጋዲሴ እዚያ የያዘችው ሥራ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው። የስንዴ ዋግ ቅጠል ውስጥ ሲገባ አንዲት ፕሮቲን ይረጫል። ፕሮቲኗ የስንዴውን ዘብ ታታልላለች፤ ዘቡ ሲታለል ዋጉ እንደልቡ ይበላል። እንዴት እንደምታታልል ለማወቅ ቅርጿን ማየት ያስፈልጋል። ጋዲሴ ፕሮቲኗን በብዛት ለማግኘት አሠራሯን ለእርሾ ሕዋሳት አስተማረች። ሕዋሳቱም ሁለት ዓመት ሙሉ ሞከሩ፤ ማጠፍ ጀመሩ፣ አልሆነላቸውም፣ መልሰው አፈረሱ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ግን በትክክል አጥፈው ወደ ውጭ ተፉላት። አርሲ ነገሌ አጠገብ ስንዴ የሚዘሩት አባቷ በየሳምንቱ እየደወሉ «ያቺ ነገርሽ ታጠፈች?» ይሏት ነበርና፣ ያን ቀን «ታጠፈች» ስትላቸው ስልኩ ውስጥ ብዙ ሰዎች ሲደሰቱ ሰማች። ለምን እንደተደሰቱ የገባቸው አባቷ ብቻ ናቸው። እርሳቸውም ቢሆኑ ግማሹን ነው።

አሁን የቀረው ክሪስታሎቹን ባሕር ማዶ ወዳለ ኃይለኛ ኤክስሬይ መላክ ነው። ተራ ተይዞላታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማታ አውሮፕላን ላይ ካልወጡ ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ተራ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ የከብት ማዳቀያ ጣቢያው መያዣውን ይፈልገዋል። የሚያስፈልጋት አንድ ገጽ ብቻ ነው፦ መያዣው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት የመሸኛ ደብዳቤ።

ኦቦ ጫምሳ የማዕከሉ ዳይሬክተር ናቸው። ጋዲሴን በፈገግታ ተቀበሏት።

«የሳይንስ ሳምንት ነው፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለው እንግዳ ቀረ። ስለዚያ ስለምትሠሪው ነገር ሃያ ደቂቃ ተናገሪ። ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ።»

ጋዲሴ ሰው ፊት መናገር አትወድም። ሆኖም አለቃዋ ሥራዋን ከተረዱ ደብዳቤው ይፈጥናል ብላ አሰበች። ስለዚህ እሺ አለች፤ ከዚህ በኋላ ለሆነው ሁሉ በሕግ ፊት ተጠያቂዋ እርሷ ነች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከንግግሩ በኋላ ምሳ አለ ተብሏልና። ጋዲሴ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች።

«ፕሮቲን ሲሠራ ረጅም ክር ነው። ክር ሆኖ ምንም አይሠራም። የሚሠራው ሲታጠፍ ነው። ወደ ውጭ የሚላኩ ፕሮቲኖች የሚታጠፉበት ልዩ ክፍል ሕዋሱ ውስጥ አለ። እዚያ ሞግዚት የምንላቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ይቀበሉታል፤ በተሳሳተ ቦታ እንዳይጣበቅ ይጠብቁታል። እየታጠፈ ላለው ስኳር ይለጠፍበታል፤ ገና ከሆነ ስኳሩ ይመለስለትና እንደገና ይሞክራል፤ በትክክል ከታጠፈ ስኳሩ ተነስቶለት ይወጣል። ብዙ ቆይቶም ያልሆነለት ይፈርሳል። ይህ ሁሉ ያለማቋረጥ፣ አሁን እየተናገርኩ እንኳ፣ በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ እየተካሄደ ነው።»

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አንዳንዶች ሆዳቸውን ዳሰሱ። ኦቦ ጫምሳ እጃቸውን አወጡ።

«ይህች ሕዋስ ስንት ሠራተኛ አላት?»

«በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች።»

«በስንት ሕንፃ?»

«በዓይን በማትታይ አንዲት ከረጢት ውስጥ ነው ሁሉም።»

ኦቦ ጫምሳ ወደ አዳራሹ ዞሩ። «ሰማችሁ? በዓይን በማትታይ! እናንተ የቢሮ ጥበት ትላላችሁ።» ከዚያ ተመልሰው፣ «ስብሰባቸውስ በሳምንት ስንት ቀን ነው?»

«አይሰበሰቡም።»

አዳራሹ ደነገጠ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ማለት የፈለግሽው» አሉ ኦቦ ጫምሳ እንደ አባት ረጋ ብለው፣ «ቃለ ጉባኤ አይያዝም ነው።»

«እ... እንደዚያ ማለትም ይቻላል።»

አዳራሹ እፎይ አለ። ኦቦ ጫምሳ ማስታወሻቸው ላይ «ስኳር» የሚለውን ጽፈው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

በማግስቱ አቅጣጫ ተቀመጠ። ሕዋስ ለሚሊዮኖች ዓመታት ያለ ቅሬታ አገልግሎት ስትሰጥ የኖረች ተቋም ስለሆነች፣ ተሞክሮዋ ተቀምሮ በማዕከሉ እንዲተገበር ተወሰነ። ለዚህም ዘጠኝ አባላት ያሉት የልምድ ልውውጥ ቡድን ተቋቋመ። ቡድኑ «ከሕዋስ እንማር» የሚል ካኔቴራ ለብሶ፣ በሽኩር አነስተኛ አውቶቡስ ተጭኖ፣ ከዋናው ሕንፃ ተነስቶ ሠላሳ እርምጃ የሚርቀው የጋዲሴ ቤተ ሙከራ በሰላም ደረሰ።

ጋዲሴ እርሾው ያለበትን ብልቃጥ አሳየቻቸው። ደፍረስ ያለ፣ ቢጫ ፈሳሽ ነው።

«የታል ሠራተኛው?» አለ የሰው ሀብት ኃላፊው።

«ይሄ ሁሉ ነው።»

«ጠላ ጠላ ይላል» አለች የዕቅድ ክፍሏ ሶሲ፣ አፍንጫዋን ይዛ ወደኋላ እያለች። «እኔ ጌታን የተቀበልኩ ነኝ፤ ከቡድኑ ጋር እንጂ ከዚህ ጋር ፎቶ አልነሳም።»

«የሚጠጣ አይደለም» አለች ጋዲሴ።

«ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች ሶሲ። ሆኖም ፎቶውን ተነሳች። ፎቶው ላይ ብልቃጡ መሀል ነው፤ ከሁሉም የተረጋጋ ፊት ያለውም እርሱ ነው።

ቡድኑ ሕዋሷን ስለ መልካም አቀባበሏ አመስግኖ ተመለሰ። መመሪያው በስምንት ቀን ጸደቀ፤ በማዕከሉ የመመሪያ ታሪክ ይህን ያህል የፈጠነ የለም። ክፍል ሰባት «የማጠፊያ ክፍል» ተባለ። በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ «በሂደት ላይ» ተብሎ የተቀመጠ ወረቀት ሁሉ ወደዚያ ተጓዘ። አራት ከፍተኛ ባለሙያዎች ሞግዚት ሆነው ተመደቡ፤ አምስት አባላት ያሉት የጥራት ኮሚቴ ተሠየመ፤ በክፍሉ ጥግም የወረቀት መቆራረጫ ማሽን ተተከለ። ኦቦ ጫምሳ በገዛ እጃቸው ያረቀቁት አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «በማጠፊያ ክፍል ውስጥ ከሰባ ሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ የመጨረሻ ቅርጹን ያልያዘ ማንኛውም ሰነድ፣ ያለ አንዳች አድልዎ፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይፈርሳል።» «በዕድሜ ቅደም ተከተል» የምትለዋን ያስገቧት ዓረፍተ ነገሩ ክብር እንዲኖረው ነው።

ስኳሩን በተመለከተ ጋዲሴ ለመናገር ሞክራ ነበር።

«ኦቦ ጫምሳ፣ ስኳሩ እኮ ምልክት ነው። ለደብዳቤ ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል።»

«ዶክተር» አሉ፣ «ተሞክሮ የሚወሰደው እንዳለ ነው። ነገ ባይሳካ ቆንጥረው ስለወሰዱ ነው እንድንባል ነው የምትፈልጊው?»

ስለዚህ እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ አንድ ማንኪያ ስኳር በስቴፕለር ተመታበት። ስቴፕለር ደግሞ ላስቲክ ይበሳል። በሦስተኛው ቀን የአዳማ ጉንዳን፣ ለወትሮው በመንግሥት ሥራ ጣልቃ የማይገባው፣ በሁለት ሰልፍ ወደ ክፍል ሰባት ገባ። ኮሚቴው ስለ ጉንዳኖቹ ተወያይቶ በሕዋስ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሊኖር እንደሚችል ግምት ወስዶ አለፈው።

ከጉንዳን የበረቱት ግን የሻይ ክበቡ ደንበኞች ናቸው። ክበቡ ስኳር ካጣ ወር ሆኖት ነበር። ሠራተኛው ብርጭቆውን ይዞ ወደ ማጠፊያ ክፍል ጎራ ማለት ጀመረ። ደግሞ ስኳሩ የተነሳለት ደብዳቤ በመመሪያው መሠረት ታጥፎ ያለቀ ስለሆነ ወዲያው ቁጥር ተሰጥቶት ይወጣል። በዚህ መንገድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት ዓመት በፊት የተጠየቀ የቬንትሌተር ግዢ ጸደቀ፤ ጡረታ የወጣ ሰው የዓመት ፈቃድ ተፈቀደለት። የማዕከሉ የሥራ አፈጻጸም መቶ ዐሥራ ሁለት በመቶ ደረሰ።

በማንም ያልተጠጣ አንድ ደብዳቤ ቢኖር የጋዲሴ ነው። ምክንያቱም የእርሷ ደብዳቤ በአዴ ቡዜ እጅ ወደቀ። አዴ ቡዜ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠሩ፣ መመሪያ ሲወጣ የሚያነቡ ብቸኛ ሰው ናቸው። መሳቢያቸውን ይቆልፋሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሐሙስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የጥራት ኮሚቴው ደብዳቤውን መረመረ። ጋዲሴ ቆማለች።

«መያዣው ላይ ወይፈን ተስሏል» አሉ ሰብሳቢው። «ደብዳቤው ደግሞ የዋግ ፕሮቲን ይላል። ወይፈኑን ከፕሮቲኑ ጋር አላስታረቅሽም።»

«መያዣው የውሰት ነው።»

«ውሰት መሆኑን የሚገልጽ አባሪ ይኑረው። ስኳሩ ይመለስለት።»

ማክሰኞ አባሪውን ይዛ መጣች።

«በሦስት ነው የታጠፈው» አሉ ሰብሳቢው፣ ደብዳቤውን በብርሃን እያዩ። «መመሪያው አራት ነው የሚለው። ለመሆኑ ፕሮቲን በስንት ነው የሚታጠፈው?»

«እንደ ፕሮቲኑ ነው።»

«ይህ መልስ ለመመሪያ አይመችም። አራት ብለን ወስነናል። ስኳሩ ይመለስለት።»

ረቡዕ እዚያው በአራት አጥፋ አቀረበችው። ያን ቀን ደብዳቤው ላይ ስኳር አልተገኘም፤ ጉንዳን ጨርሶታል። ስኳር የሌለው ደብዳቤ እንዴት ስኳሩ ይነሳለታል? ኮሚቴው በዚህ ጥያቄ ላይ እስከ ሥራ መውጫ ተከራክሮ ስኳር እንዲመለስለት በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ጋዲሴ ግቢው ውስጥ ከግራሩ ሥር ተቀመጠች። ሽኩር የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ መጣ።

«ዶክተር፣ ደብዳቤሽን ልጠጣልሽ?»

ሳቋ መጣ፤ ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ሁለቱንም መለሰቻቸው። «መሳቢያው ተቆልፏል።»

«አዴ ቡዜን እኔ አውቃቸዋለሁ፣ የወለንጪቲ ሰው ናቸው፣ የአገሬ ልጅ። ባላቸው ሲሞቱ እንኳ የሐዘን ፈቃዳቸውን በሦስት ኮፒ ነው የሞሉት። እሳቸውን ማታለል አይቻልም።»

ጋዲሴ ስልኳን አየች። አባቷ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር፤ አላነሳችውም። በመስኩ ላይ ዋጉ እንደ ጀመረ ሊነግሯት እንደሆነ አውቃለች።

ሐሙስ ደረሰ። ሽኩር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለመድረስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከአዳማ መውጣት አለበት። በስምንት ሰዓት ጋዲሴ የማጠፊያ ክፍሉን በር ከፈተች። አዴ ቡዜ መነጽራቸውን አድርገው ከመቆራረጫው አጠገብ ቆመዋል፤ በእጃቸው የያዙት የእርሷን ደብዳቤ ነው።

«አካም ኦልተን፣ አዴ ቡዜ» ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ነይ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። መጣሽ? ደብዳቤሽ ሰባ ሁለት ሰዓቱን አሁን ሞላ። እኔም አዝኛለሁ፣ ግን ላፈርሰው ነው።»

«እንደገና ልጽፈው?»

«ጻፊው እንጂ። አዲስ ሰባ ሁለት ሰዓት ይሰጥሻል።»

«አውሮፕላኑ ማታ ነው።»

«አውሮፕላኑ መመሪያው አልደረሰውም» አሉ አዴ ቡዜ፣ ከልባቸው አዝነው። ማሽኑንም አስነሱት። ማሽኑ አጉረመረመ።

ጋዲሴ ትክክለኛ ሰው ናት፤ ይህም በብዙ ቦታ እንቅፋት ሆኖባታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሳካ ሙከራ እያነበበች የኖረች ሰው የሚነበብ ነገር ስታይ እስከ መጨረሻው ታነባለች። መመሪያው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር።

«አዴ ቡዜ፣ አንቀጽ ዘጠኝ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይላል።»

«ይላል።»

«የእኔ ሦስት ቀኑ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ የለም?»

አዴ ቡዜ ማሽኑን አጠፉት። ግድግዳው ላይ ያለውን አንቀጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ተራ ጥሰው አያውቁም፤ አሁን ሊጥሱ እንደነበር ሲገባቸው ፊታቸው ደነገጠ።

«እውነትሽን ነው። ተራ አለ፤ ተራ አለ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ወደ መደርደሪያዎቹ ገቡ። ፋይል ሲነሳ፣ ፋይል ሲወርድ፣ አቧራ ሲራገፍ ተሰማ። ሽኩር የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ በሩ ላይ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አዴ ቡዜ አንዲት የደበዘዘች ወረቀት ይዘው ወጡና ጮክ ብለው አነበቡ።

«ለአቶ ጫምሳ። ቋሚ ዳይሬክተር እስኪመደብ ድረስ ለሦስት ወር በተጠባባቂነት እንዲያገለግሉ ተመድበዋል...» ቀኑን አዩ፤ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት ዓመት ከሁለት ወር። ማጽደቂያ አልመጣም። ከዚህ የሚበልጥ በቤቱ የለም።»

«ወይ ጉድ!» አለ ሽኩር። «እሳቸው ናቸዋ ያልታጠፉት!»

«ሽኩር፣ ባለጉዳዩ ይገኙ። በሕግ ነው የምንሠራው» አሉ አዴ ቡዜ፣ ማሽኑን መልሰው እያስነሱ።

ሽኩር ሮጠ። ሲሮጥ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ኦቦ ጫምሳ ከምሳ ተነስተው ሶፍት እንደያዙ መጡ። ወረቀቷ ከማሽኑ አፍ አንድ ስንዝር ቀርቷታል።

«አዴ ቡዜ! ኧረ ይሄ እኔ ነኝ እኮ!»

«ሰነድ ነው፣ ጌታዬ።»

«የሹመት ወረቀቴ ነው!»

«ሰባ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ትንሽ አይደለም ያለፈው።»

«መመሪያው ለተራ ደብዳቤ ነው የወጣው!»

«"ማንኛውም ሰነድ፣ ያለ አንዳች አድልዎ" ይላል። የእርስዎ ፊርማ አለበት። ደስ የሚል ፊርማ ነው።»

«ስኳር ይመለስለት! ለምን ስኳር አይመለስለትም?»

«ተመልሶለት ነበር። ጉንዳን በላው።»

ኦቦ ጫምሳ ላብ አጠመቃቸው። በሶፍቱ ግንባራቸውን ሲጠርጉ የምሳው ቅባት ግንባራቸው ላይ ቀረ። ወደ ጋዲሴ ዞሩ።

«ዶክተር፣ ማሎ፣ እባክሽ። በሕዋሷ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምን ይደረጋል?»

«ይፈርሳል» አለች ጋዲሴ፣ ውሸት ስለማትችል። ከዚያ የሰውየውን ፊት አይታ ጨመረች። «ያልታጠፈ ነገር ሲከማችና ሲጨናነቅ ግን ሕዋሱ አዲስ መቀበል ያቆምና ያለውን ለማጥራት ይሞክራል።»

«ካቃተውስ?»

«ራሱን ያጠፋል።»

«ማን? ዳይሬክተሩ?»

«ሕዋሱ። ከነሁሉ ነገሩ።»

ኦቦ ጫምሳ ክፍሉን አዩት። መደርደሪያውን፣ የተከማቸውን ወረቀት፣ በግድግዳው ላይ ወደ ታች የሚወርደውን የጉንዳን ሰልፍ፣ በሰላም የሚያጉረመርመውን ማሽን። እንደ ታላቅ መሪ በታላቅ ሰዓት ወሰኑ።

«ይጻፍ! በማጠፊያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰነድ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እንደታጠፈ ይቆጠር። ስኳር ኖረም አልኖረም። ሁሉም ይውጣ!»

«ሁሉም?» አሉ አዴ ቡዜ።

«ሁሉም!»

«የሷም?»

«የማን?»

«የልጅቷ። የወይፈኗ።»

«ሁሉም አልኩ እኮ! መጀመሪያ ግን የእኔ።»

አዴ ቡዜ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠየቁ። ተጻፈ። ማኅተም ጠየቁ። ተመታ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ተቀመጡና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳደረጉት፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል ወጪ ቁጥር መስጠት ጀመሩ። አራት መቶ ስድስት ሰነድ ነበር። የጋዲሴ የመጨረሻው ነው።

«አዴ ቡዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው» አለች ጋዲሴ በቀጭን ድምፅ።

አሮጊቷ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ተንጠራሩ። «ወገቤን አመመኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። «የአራት መቶ ስድስተኛውን ቁጥር አሁን እሰጥና የቀረውን ነገ በዛሬ ቀን እሞላዋለሁ። ቁጥሩ ቁጥሩ ነው፤ ተራ አልተጣሰም።» ማኅተሙን መቱ። የመምታቱ ድምፅ ጋዲሴን ደስ አሰኛት።

ሽኩር መያዣውን በቀበቶ ከፊት ወንበር አስሮ ቆይቶ ነበር። በፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ወይፈኑን አይቶ «የት ነው የምትወስደው?» ብሎ ጠየቀው። «ፎቶ ሊነሳ» አለ ሽኩር፣ ኤክስሬዩን አስቦ። አሳለፈው።

ከሁለት ወር በኋላ ማዕከሉ ከአቻ ተቋማት ሁሉ ተሽሎ ተሸለመ፤ በአንድ ቀን አራት መቶ ስድስት ጉዳይ የፈጸመ ሌላ አልተገኘምና። ከኦቦ ጫምሳ በር ላይ «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ተፋቀ፤ በራሳቸው ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንደታጠፉ ተቆጥረዋል። በበዓሉ ላይ ባደረጉት ንግግርም ማዕከሉ ከሕዋስ ብዙ እንደተማረ፣ አሁን ደግሞ ሕዋስ ከማዕከሉ የምትማርበት ጊዜ እንደደረሰ ገለጹ። ለዚህ ትብብር መታሰቢያ ሕዋሷ ራሷ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ወፍራም፣ ባለ ወርቅ ጠርዝ፣ «ለክብርት ሕዋስ» የሚል። መድረኩ ላይ መውጣት ስላልቻለች ጋዲሴ ተቀበለችላት፤ በርክክብ ቅጹ ላይም «ስለ ሕዋስ» ብላ ፈረመች።

ወደ ቤተ ሙከራዋ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የኤክስሬዩ ውጤት እየተሠራ ነበር። ፕሮቲኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ትታያለች፤ ታጥፋ፣ ተጠምዝዛ፣ በአንድ ጎኗ ጣት የምታህል ስርጉድ ይዛ። የስንዴው ዘብ የሚታለለው እዚያ ላይ መሆን አለበት። ጋዲሴ አባቷ ጋ ደውላ «ታየች» አለቻቸው። «ምን ትመስላለች?» አሏት። «ሌባ ትመስላለች» አለች። «አትልቀቂያታ!» አሏት።

ስርጉዱን ለመለካት ጎንበስ ስትል ጠረጴዛው ተወዛወዘና በማውሱ የያዘችው ነጥብ ከእጇ ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተወዛወዘ። አንዱ እግሩ አጭር ነው። ዙሪያዋን አየች። የምስክር ወረቀቱን አነሳች፣ በአራት አጠፈችው፣ ሳሳ፤ በስምንት አጠፈችው፤ ተንበርክካ ከአጭሩ እግር ሥር አስገባችው። ጠረጴዛውን በመዳፏ ጫን ብላ ሞከረችው።

አልተንቀሳቀሰም።